አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ያሳለፍኩት አውቶቡስ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ያኔ ባቡሩ ገና እኛ የምንኖርበት ሊንውድ አልደረሰም። ጠዋት ከሊንውድ ወደ ሲያትል፣ ከሰዓት ከሲያትል ወደ ሊንውድ። ክፍል እገባለሁ፣ ላይብረሪ ውስጥ ትንሽ ሥራ ነበረችኝ እሷን እሠራለሁ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ምሳ የሕንፃ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ ሁሉ ሺህ ተማሪ መካከል አንድ ሰው በስሜ ጠርቶ «ትናንት የት ጠፋሽ?» ብሎኝ አያውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ለእናቴ ግን «እንዴት ዋልሽ?» ስትለኝ «አሪፍ ነው» ነበር መልሴ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ተመደበችልኝ። ከተራራው ማዶ፣ ፖም ከሚበቅልበት አካባቢ የመጣች፣ ረጅም፣ ድምፅዋ የሚጮህ፣ ያሰበችውን ሁሉ ሳታላምጥ የምትናገር ልጅ ናት። አንድ ቀን ምሳዬን ይዤ ወደ ደረጃዬ ስሄድ አየችኝና «እዚህ ነው እንዴ የምትበይው? በዚህ ዝናብ? ነይ ቤታችን እንሂድ» አለችኝ። አማራጭ አልሰጠችኝም፣ ቦርሳዬን ተቀብላኝ መንገድ ጀመረች።

ቤታችን ያለችው ሶሮሪቲ ነው። የሴት ተማሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ትልቅ ቤት አላቸው፣ አብረው ይኖራሉ፣ በራቸው ላይ የግሪክ ፊደል ተለጥፏል፣ እርስ በርስ እህት ይባባላሉ። እኔ እንኳን ፊልም ላይ ካየሁት ተነስቼ፣ የሀብታም ልጆች ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ የሚውሉበት ቤት ነበር የሚመስለኝ። ስገባ ያየሁት ግን አንድ ረጅም የምግብ ጠረጴዛ ነው። ዙሪያውን ሠላሳ ሴት ተቀምጧል፣ ግማሹ በፒጃማ። አንዷ ፈተና ወድቃ ታለቅሳለች፤ ጎኗ ያለችው በአንድ እጇ ጀርባዋን እያሻሸችላት በሌላው ሾርባዋን ትጠጣለች። «ቁጭ በይ» አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ በልቼ አላውቅም።

መግባት እፈልጋለሁ ብዬ ለእናቴ ስነግራት ጉድ ፈላ። አባቴ ከኬንት መጋዘኖች ዕቃ እየጫነ ሌላ ስቴት የሚያደርስ የትራክ ሹፌር ስለሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ የለም፤ የምትፈቅደውም የምትከለክለውም እሷ ናት።

«ሴቶች ብቻ?» አለች።

«ሴቶች ብቻ።»

«አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አለቃ አላቸው፣ ሲገቡ ቃል ይገባሉ።»

«አዎ እማ።»

«ታዲያ ገዳም ነው በይኛ!»

ገዳም አለመሆኑን የጭፈራ ፎቷቸውን ስታይ ተረዳችው። ግን እስከዚያ ድረስ ገብቼ ነበር። ላብራቶሪ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ በቤቱ ደንብ መሠረት ታላቄ ሆነች። እዚያ እያንዳንዷ አዲስ ልጅ አንዲት ታላቅ ይመደብላታል፤ ትመክራታለች፣ ትቆጣታለች፣ ትቆምላታለች። እኔ የቤቴ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ታላቅ ኖሮኝ አያውቅም። በሃያ ዓመቴ አገኘሁ።

በዚያው ዓመት የእናቶች ቀን ብለው እናቶቻችንን ጠሩ። እማ የመቶ ሰው የሚሆን ሳምቡሳ ጠብሳ መጣች። ልጆቹ «ትፈልጋላችሁ?» ስትላቸው በመጀመሪያው «የስ!» ይላሉ፣ ሲደገምላቸው «የስ!»፣ በሦስተኛው ትሪውን ራሳቸው ይዘው ይዞራሉ። መኪና ውስጥ ገብተን እስክንንቀሳቀስ እንኳን መታገሥ አልቻለችም። «አንዷ እንኳን አልተግደረደረችም እኮ! አንዷ!» ትላለች። ተገርማ ነው ተቀይማ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ኋላ «እግዜር ይባርካቸው፣ ሆዴ ደስ አለው» አለች።

ሦስተኛ ዓመት ስገባ እኔ ራሴ ነባር ሆንኩ፣ አሥራ ዘጠኝ አዳዲስ ልጆች ገቡ። ማንም ሳያዘኝ ዓይኔ እነሱ ላይ ነበር። ማን ለምሳ እንዳልወረደች አያለሁ። ሳህን ይዤ ወጥቼ በሯን አንኳኳለሁ። ባዮሎጂ የሚያስቸግራቸውን አምስቱን ሰብስቤ እሑድ እሑድ ምግብ ቤቱ ውስጥ አብረን እናጠናለን። ሁለቱ በመጀመሪያው ወር ሻንጣቸውን ሸክፈው ሊወጡ ሲሉ፣ ክፍላቸው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ያንን የአውቶቡስ ዓመቴን ተረክሁላቸው። አልሄዱም። ታላቄ ታዲያ «አንቺ እኮ የአዲሶቹ ኃላፊ መሆን አለብሽ» ትለኝ ጀመር። ይህ በቤቱ ካሉት ትልልቅ ሥልጣኖች አንዱ ነው፤ አዲስ የሚገቡትን ልጆች ዓመቱን ሙሉ የምትይዘው እሷ ናት። እኔም «ተይ ባክሽ» እላታለሁ። በልቤ ግን እንዴት እንደምፈልገው! በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ኖቬምበር ላይ አመራር ይመረጣል። መጀመሪያ አንድ ሰኞ ጥቆማ ይደረጋል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ድምፅ ይሰጣል። በጥቆማው ቀን ታላቄ እጇን አወጣችና ስሜን ጮክ ብላ ጠራች። የቤቱ ፕሬዚዳንት ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ትቀበያለሽ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ቤት ሰው ሲጋበዝ ወዲያው እሺ አይልም። ኬንት ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ስንሄድ፣ ራብ አንጀቴን እየሞረሞረው እንኳን፣ «ብሉ እንጂ» ሲባል መልሱ «በልተን ነው የመጣነው» ነው። «ትንሽ ቅመሱ» ሲባል «ኧረ ጠግበናል»። «በሞቴ!» ሲመጣ ነው እጅ የሚታጠበው። ሹመትም ያው ነው። እናቴ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ምርጫ ሲደረግ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ ትልቅ ሰው ሊቀመንበር ይሁኑልን ሲባሉ «እኔ ለዚህ አልበቃም» አሉ። ሕዝቡ ለመነ፣ «ጤናም የለኝ» አሉ። ሴቶቹ «በእመቤታችን!» ብለው ሲነሡ «እንግዲህ ካላችሁ» አሉ፣ እልል ተባለ። ገና በመጀመሪያው እሺ ቢሉ ኖሮ ሥልጣን የጠማቸው ተብለው ዓመቱን ሙሉ ይታሙ ነበር።

እናም እኔ ሆዬ፣ ልቤ እየዘለለ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ኧረ እኔ! ከእኔ የሚሻሉ ስንት ልጆች አሉ» አልኩ። ያልኩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ጠባዩ ግን ያገሬ ነው። ሁለተኛውን እንቢታ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ሦስተኛው ላይ የማሳየው ፈገግታ ሳይቀር ታስቦበታል።

«ኦኬ!» አለች ፕሬዚዳንቷ። «እውነቱን ስለነገርሽን እናመሰግናለን።»

ስሜን በጨርቅ አጠፋችው። በዚያ ቤት ጭብጨባ የለም፤ አንድ ነገር ሲወደድ ጣት ነው ጠቅ ጠቅ የሚደረገው። ስብሰባው ላይ የነበረው ሰባ ሴት በሙሉ ስለ ሐቀኝነቴ ጣቱን ጠቅ ጠቅ አደረገልኝ። ታላቄ እንኳን የተገላገልኩ መስሏት ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ሌላ ልጅ ተጠቆመች፣ በመጀመሪያው «የስ» አለች፣ ተጻፈች።

አኮረፍኩ። እንዴት አላኮርፍ? አንድ ጊዜ እንኳን አይለምኑም? ምግብ ቤት መውረድ ተውኩ፣ ሰላምታ አሳጠርኩ፣ ፊቴን ጣልኩ። ችግሩ ኩርፊያም አያውቁም! ታላቄ በአራተኛው ቀን «ተናደሽብኛል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ አልተናደድኩም» አልኳት፣ አሁንም ደግማ እንድትጠይቀኝ። «ኦኬ» አለችና ሄደች። ያን ቀን ትራሴን በቡጢ መታሁት። ቀስ በቀስ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ጥቁር ስለሆንኩ ነው፤ አነጋገሬ ነው፤ መጀመሪያም ለይስሙላ ነው የጠየቁኝ፤ እህት እህት የሚሉት ለጠረጴዛው ብቻ ነው አልኩ። ለመውጣት ሁሉ አሰብኩ።

ቅዳሜ ሊንውድ ሄድኩ። እማ ለሥራ የምትለብሰውን ሰማያዊ የደንብ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ኦኬ አሉ።»

«ኦኬ ብለውስ?»

«በቃ፣ ኦኬ።»

ካውያዋን አቆመች። «አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ወይ ጉድ! ሰው እንዴት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?»

እሰይ፣ የሚገባው ሰው አገኘሁ ብዬ ልቀጥል ስል ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ሸሚዙን አገላበጠችው፣ የተተኮሰውን እንደገና ተኮሰችው።

«እኔንም እኮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁኝ» አለች።

እናቴ አሜሪካ ከመጣንበት ዓመት ጀምሮ ማውንትሌክ ቴራስ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ትንከባከባለች። አንድ ቀን ማኔጀሯ ጠርታት የሺፍት ሊድ፣ ማለትም የፈረቃው ኃላፊ፣ ትሆኛለሽ ወይ ብላታለች። እኔ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ‹ኖ ኖ፣ አይ አም ኦኬ› አልኳት። በሌላ ቀን ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ። በሳምንቱ ሌላዋን ልጅ ሾሙ። እኔ ያለማመድኳትን።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«አምስት ዓመት ሆነው።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? እንግሊዝኛዬን ንቀው ነው፣ ለአፋቸው ነው የጠየቁኝ አልኩና ተውኩት።»

«ፈልገሽው ነበር?»

«ለምን አልፈልግም?» ጮኸችብኝ። «ለምን አልፈልግም? ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው ሲታመም የምትጠራው እኔን ነው! ምን ላድርግ ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው!»

እናቴ ስትቆጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሆና ግን አይቻት አላውቅም። ማንም ሳይንቃት ተንቄያለሁ ብላ አምስት ዓመት ሙሉ ውስጧ እያረረ ሠርታለች። እኔ ደግሞ በስድስት ቀኔ ያንኑ መንገድ ጀምሬዋለሁ። የማኔጀሯና የፕሬዚዳንቷ ጥፋት የነገርናቸውን ማመናቸው ብቻ ነበር። ይህን ሳስብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ዕንባዬ።

«እማ፣ የምርጫው ቀን ገና ነው» አልኳት። «ከፈለግኩ ዕለቱን እጄን አውጥቼ ራሴን መጠቆም ይፈቀድልኛል።»

«ራስሽን? ‹ሹሙኝ› ብለሽ?» ደነገጠች። «ኧረ አታዋርጂኝ! እንደ ለማኝ ተነስተሽ? ተያቸው፣ ይቅርባቸው።»

ተጨቃጨቅን። እንዲያውም ተጣላን ማለት ይቻላል። ሳንሳሳም ወጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሰኞ ደረሰ። ፕሬዚዳንቷ «ለአዲሶቹ ኃላፊነት ሌላ የምትወዳደር አለች?» ብላ ጠየቀች። ይህንንም አንድ ጊዜ ነው የጠየቀችው፤ ለእነሱ ልማዱ ነው። እጄ ጭኔ ላይ ተሰፋ። «እንደ ለማኝ» የሚለው የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ፕሬዚዳንቷ ወደ ሰሌዳው መዞር ስትጀምር፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቆሜ ተገኘሁ።

«አንቺ?» አለች። «አልፈልግም ብለሽን አልነበር?»

«አልፈልግም ያልኩት ስለምፈልገው ነው» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ለእኔም ሲሰማኝ የለየለት ዕብደት ነበር። ያለኝ ሦስት ደቂቃ ነው፤ አንዱን ደቂቃ የመግደርደርን ነገር ለማስረዳት ጨረስኩት። ራብ እየሞረሞረን በልተን መጣን እንደምንል፣ ሦስት ጊዜ መለመን እንዳለብን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሊቀመንበር ሳይቀር ነገርኳቸው። ከኋላ ታላቄ «ሦስት ጊዜ?!» ብላ ስትጮህ ሰዉ ሳቀ። የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከባዱ መጣ። ራስን ማመስገን።

«አሥራ ዘጠኙንም አዲሶች በስማቸው ብቻ ሳይሆን በሚያስለቅሳቸው ነገር አውቃቸዋለሁ» አልኩ። ደቂቃዬ ሳያልቅ ቀጠልኩ። «ይህን ሥራ ማንም ሳይሾመኝ ስሠራው ከርሜያለሁ። ጎበዝ ነኝ። እፈልገዋለሁ። ሹሙኝ።»

ድምፅ እስኪቆጠር ሁለታችን ተወዳዳሪዎች ወጥ ቤት ገብተን ጠበቅን። እሷ ደህና ልጅ ናት፤ ዝርዝር ማውጣት፣ ቀን መቁጠር፣ ሁሉን በሥርዓት መያዝ ታውቅበታለች። ብዙም ሳይቆይ ታላቄ በካልሲ እየተንሸራተተች ገባችና አንጠልጥላ አነሳችኝ። ተመረጥኩ። ሌላዋ ልጅ አቀፈችኝና «በጣም አዝኛለሁ፣ እኔም እፈልገው ነበር። ሁለት ቀን ስጪኝ፣ ከዚያ ልርዳሽ» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀጥተኛ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ ቀናሁባት። በሦስተኛው ቀንም እንዳለችው ወረቀቷን ይዛ መጣች። ታላቄ ግን ከደስታዋ መልስ ተቆጣች። «ለምን አልነገርሽኝም? አንዲት ቃል ብትነግሪኝ እኮ መቶ ጊዜ እጠይቅሽ ነበር!» አለችና ያቺ ጩኸታም ልጅ አለቀሰች። ልወጣ ያሰብኩት ከዚህ ቤት ነበር።

ወደ ውጭ ወጥቼ ለእማ ደወልኩ። ሥራ ልትገባ ሃያ ደቂቃ ይቀራታል፤ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ውስጡ ቁጭ ብላለች።

«ተመረጥኩ» አልኳት።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ለመኑሽ አይደል? አውቄ ነበር እኮ!»

«አልለመኑኝም እማ። ቆሜ እፈልገዋለሁ አልኳቸው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡ የመኪናዋን ጣሪያ ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል።

«አልሳቁብሽም?» አለች በመጨረሻ።

«ትንሽ ሳቁ። ግን መረጡኝ።»

«እንዴት ብለሽ ነው ያልሻቸው?»

«በቃ፣ እፈልገዋለሁ ብዬ…»

«በአማርኛ አይደለም። በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ቆይ ቆይ ብላ ቦርሳዋን ስትበረብር ሰማሁ፤ እስክሪብቶ ፈልጋ ነው። በአማርኛ ፊደል ጻፈችውና አነበበችልኝ። «ሶሪ፣ ኢፍ ኢት ኢዝ ኦኬ፣ አይ ዋንት ቱ ቢ…»

«ሶሪ የሚለው የለበትም እማ።»

«ብልግና አይሆንም?»

«አይሆንም።»

እንደገና አለችው። አሁንም ሶሪ ገባባት፤ ራሷ ተቆጥታ አቆመችው። በሦስተኛው ጥርት አድርጋ ጨረሰችው።

«ማኔጀሯ ገና አልሄደችም» አለች። «መኪናዋ እዚህ አጠገቤ ቆሟል።»

ፈራሁ። «እማ፣ ቦታው እኮ ሰው ይዞታል» አልኳት። «ምናልባት ምንም ላይኖር…»

«አውቃለሁ» አለች። «ባይኖርም እፈልገው እንደነበር ትወቅልኝ።»

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ።